ከዲላ እስከ ወርቃ፣ አንዲት ልጅ በስምንት ኮምፒውተር

በመሥሪያ ቤታችን ስለዚህ ጉዞ የሚወራው ሌላ ነው። አስካለ ቂሟን ልትወጣ ሄዳ የሰው ጠበቃ ሆና ተመለሰች ይላሉ። እኔ የማንም ጠበቃ ሆኜ አላውቅም። የሄድኩት ታዝዤ ነው፤ ያየሁትንም እንዳየሁት እጽፋለሁ። ጌዴኦን ረግጣችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትረግጡ፣ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ባይጠቅማችሁም ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

የምሠራበት ድርጅት ለቡና ገበሬዎች ችግኝ ያቀርባል። በጌዴኦ ዞን ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ፍስሐ ገነትና ወርቃ ላይ ቢሮ አለው፤ በአራቱ ቢሮዎች በጠቅላላው ስምንት ኮምፒውተሮች አሉ። በእያንዳንዷ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ተጭናለች፤ ክላየንት እንላታለን። ሥራዋ አዲስ አበባ ካለው ዋና ኮምፒውተር ጋር እየተገናኘች «እዚህ ነኝ» ማለትና ማሻሻያ ሲላክላት ተቀብላ መጫን ነው። ዘንድሮ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ተላከ። የሌሎች ዞኖች ኮምፒውተሮች ተቀበሉ። ከጌዴኦ ግን በዋናው ስክሪን ላይ የምትታየው አንዲት ኮምፒውተር ብቻ ሆነች። ሰባቱ የሉም።

የክፍላችን ኃላፊ ሳምሶን ነው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን አለቃዬ ነው፤ በልጄ ዕድሜ ሆኖም «አንቺ» ይለኛል። ጠራኝና በሩን ዘግቶ ነገረኝ፤

«አስካልዬ፣ የዲላው ማርቆስ ሰባቱን ክላየንት ነቅሎ ጥሏቸዋል። የሚሠራውን እንዳናይበት ነው። በእኛ ኮምፒውተር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበ ይሸጣል። ሄደሽ አረጋግጪ፤ ማሻሻያውንም በእጅሽ ጫኚ። የስንብት ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፤ የሚጠብቀው ያንቺን ሪፖርት ብቻ ነው።»

ማርቆስ የጌዴኦ ቢሮዎች የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሳምሶን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እኔን እንደመረጠ አላጣሁትም። ከዓመታት በፊት የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ሊሰጥ ነው በተባለበት ግምገማ ላይ ማርቆስ ተነስቶ «ወይዘሮ አስካለ ሥራ ያውቃሉ፤ ሰው ግን አያስጠጉም። ስንደውልላቸው ስልኩን ይዘጉብናል» ብሎ ተናገረ። ኃላፊነቱ ለሳምሶን ሆነ። ያን ንግግር ከነድምፁ አልረሳሁትም። እንደማልረሳውም ሳምሶን ያውቃል።

ሰኞ

የድርጅቱ ፒክአፕ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ሹፌሩ ሙላቱ ይባላል፤ ብዙ ያወራል፣ ግን በደንብ ይነዳል። ማሻሻያውን በሁለት ሲዲ ገልብጬ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የጌዴኦ ቢሮዎች ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚመጣ ቀጭን ነገር ስለሆነ በመኪና ማድረሱ ይፈጥናል። ይህን ስነግረው ሙላቱ «ታዲያ ኢንተርኔቱ እኔ ነኛ» አለ። እስከ ሞጆ ድረስ በራሱ ቀልድ እየሳቀ ሄደ።

ሀዋሳ ላይ ዓሣ በላን። እኛ አዲስ አበባ የምንበላው ዓሣ ከውሃ የወጣበትን ቀን ረስቶት ነው የሚመጣው፤ የሀዋሳው ገና ትዝ ይለዋል። የይርጋለምን መገንጠያ እንዳለፍን ግን ጎማ ፈነዳ። ሙላቱ መለዋወጫውን ቢያወርድ እሱም ባዶ ነው። የሚባለውን ሁሉ አልኩት። ጎማውን ታቅፎ በሞተር ሳይክል ወደ ጎሚስታ ሄደ፤ እኔ መንገድ ዳር ቀረሁ።

ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ሴት በርጩማ ይዛልኝ ወጣች። ቀጥላ አናናስ ቆርጣ አመጣች። አልራበኝም አልኳት።

«ራበሽ ወይ አላልኩም እኮ። ብዪ ነው ያልኩት» አለችኝ።

በላሁ። በእኛ ሰፈር መኪና የተበላሸበት ሰው ሲያይ ሰው የሚያወጣው አንገቱን ነው፤ በርጩማ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ይለወጣል። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ ሌላ አረንጓዴ ነገር ብዙም አያውቅም። እዚህ ቤቶቹ እንሰት ውስጥ ናቸው፣ እንሰቱ ከቡናው ጋር ነው፣ ቡናው ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው። ጭስ ካላየህ ሰው መኖሩን አታውቅም። ሙላቱ «እዚህ ቢደበቁ ማን ያገኝዎታል» አለኝ። ለምን እንደምደበቅ ጠየቅሁት፤ ራዲዮውን ከፈተ።

ዲላ ስንደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ማርቆስ ሆቴሉ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ከማውቀው ወፍሯል፣ ጠጉሩም ሸብቷል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ አስካለ። ቧንቧው ሰሞኑን ውሃ የለውም፤ ሙቅ ውሃ በባልዲ እንዲያስገቡልዎ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ደግ» ብዬ ቦርሳዬን ራሴ ይዤ ገባሁ። ባልዲው እንፋሎት እየወጣው ጠበቀኝ። መደለያ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ታጠብኩበት ግን።

ማክሰኞ

የዲላው ቢሮ አራት ኮምፒውተሮች ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። ሳቄ መጣ፤ እኔም ቤቴ ቴሌቪዥኔን አለብሰዋለሁ። ማርቆስ ዳንቴሉን እያጠፈ አነሳና አስነሳቸው። በአራቱም ስክሪን ላይ አንድ ሥዕል ወጣ፤ ጥርሷ ገና ያልሞላ ሕፃን የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ በራሷ ላይ ይዛ ትስቃለች። የሚያምር ፎቶ ነው። ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። የመጣሁት ለሥራ ነው።

በመጀመሪያ የተማሪ ጽሑፍ ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ላገኝ ፈልጌ ነበር። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ማርቆስ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። የችግኝ ሪፖርት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ እንደገና የችግኝ ሪፖርት። ከድርጅቱ ሥራ ውጪ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን የሚዘምሩት መዝሙር በጌዴኦኛ ተተይቧል። ዘወር ብዬ አየሁት።

«ባለቤቴ መዘምራን ውስጥ ናት» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ፋይሉን ዘጋሁት። ሪፖርቴ ላይ አልጻፍኩትም፤ ሳምሶን ስለ ተማሪ እንጂ ስለ መዝሙር አልጠየቀኝም።

ክላየንቷስ? በአራቱም ላይ አለች። ማንም አልነቀላትም። የመጀመሪያዋን አሻሽዬ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«አንዷ ታደሰች፣ አየኋት» አለ ሳምሶን።

ሁለተኛዋን አሻሽዬ ደወልኩ።

«አሁንም አንድ ናት። ስሟ ግን ተለወጠ።»

ሦስተኛዋም አራተኛዋም እንደዚያው ሆኑ። አንዷ ብቅ ስትል ሌላዋ ትጠፋለች።

«ክላየንቷ ግን በሁሉም ላይ አለች» አልኩት። «የተነቀለ ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን አይታዩም? አንድ ነገር አበላሽቷል ማለት ነው። ቀጥዪ።»

ማርቆስ፣ ሳምሶን በስልክ የሚለውን አልሰማም፤ ግን ፊቴን እያየ ገባው መሰለኝ። ምሳ እንድበላ ቤቱ ጠራኝ። ሆቴል እበላለሁ አልኩት። ከሆቴሉ ያገኘሁት የቀዘቀዘ ፓስታ ነበር፤ እሱን እየበላሁ የሰባቱን ነገር አሰላሰልኩ። መስመሩ ይሆን? መስመሩ ቢሆን አንዷም ባልታየች።

ረቡዕ

ይርጋጨፌ ከዲላ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ይጠማዘዛል። ሙላቱ ከፊት፣ ማርቆስ ከኋላ ተቀምጠው ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ሄዱ። ሁለቱ ቶሎ መግባባታቸው አናደደኝ። እኔ ከሙላቱ ጋር ስንት ዓመት ስሠራ ኳስ እንደሚወድ አላውቅም ነበር።

የይርጋጨፌው ቢሮ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። አንዷን አስነሳኋት። የእንሰት ቅጠል የያዘችው ሕፃን ሳቀችብኝ። ሁለተኛዋን አስነሳሁ። እሷም ላይ አለች።

«ይህቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አልኩት።

«ፌቨን ናት» አለ ማርቆስ። «ልጄ ናት።»

«ልጅህ መሆኗ ደህና። ይርጋጨፌ ምን ታደርጋለች?»

«ከዲላው ኮምፒውተር ስንገለብጥ አብራ መጣች። ወርቃም አለች፣ ፍስሐ ገነትም አለች። ሁሉም ጋ አለች።»

ያን ጊዜ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ማርቆስ አንዷን ብቻ ጭኖ፣ የሰባቱን ሆድ ከሷ ገልብጦ ኖሯል። ሁሉ ነገር እንዳለ ሲገለበጥ ሥዕሉ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ክላየንቷ ለአዲስ አበባ ራሷን የምታስተዋውቅበት መለያ ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ስምንት ሰው በአንድ መታወቂያ አንድ መስኮት ላይ ቢቆም ጸሐፊው የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው። ማሻሻያውም ለአንዷ ደርሷል ሲባል ለሌሎቹ እንደደረሰ ይቆጠራል። ማርቆስ የደበቀው ነገር የለም። ልጁን እንኳ በየቢሮው አውጥቷታል።

«ገልብጥ ያለህ ማን ነው?»

«አቶ ሳምሶን። በስልክ።»

«ወረቀት አለህ?»

«በስልክ አልኩዎት እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ። ድምፅ ፋይል አይደረግ።»

አስታወስኩ። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ከሳምሶን ጠረጴዛ ጎን ነበር። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ፣ «አንዷን ጫንና ሌሎቹን ከሷ ገልብጥ፤ ለእያንዳንዷ ስትደክም ልትውል ነው እንዴ?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ብርቱካን እየላጠ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም፤ በዚህ ሲሰድቡኝ ኖረዋል።

የድሮውን መለያ ከሁለቱም ደምስሼ፣ ክላየንቷ ራሷን እንደ አዲስ እንድታስተዋውቅ አድርጌ፣ ማሻሻያውን ጫንኩ። ሁለት አዲስ ስሞች አዲስ አበባ ስክሪን ላይ ወጡ። ስንመለስ ዲላ ጎራ ብለን አራቱንም እንደዚያው አደረግሁ። ክላየንቷ በአዲስ መለያ ስትመዘገብ ማሻሻያው የድርጅቱን አርማ በስክሪኑ ላይ ያደርጋል፤ ፌቨን ከእያንዳንዷ ጠፋች። ከመጥፋቷ በፊት ፎቶውን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ማስረጃ ነው።

ከሥራ ስንወጣ ማርቆስ አሁንም ቤቱ ጠራኝ። «እምቢ ካሉ ባለቤቴ እኔን ነው የምትቆጣው» አለ። ሄድኩ።

ባለቤቱ አልማዝ ትባላለች። ማዕዱን ስትገልጠው ዶሮ ነው። እጄን እንደታጠብኩ ቆምኩ።

«ረቡዕ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ረቡዕን አይጾሙም። ሲገባት ወደ ባሏ ዞረች። «ማርቆስ፣ ኦርቶዶክስ ናቸው አላልከኝም።»

«ሥራ የሚያውቁ ናቸው ብዬሻለሁ።»

«ሥራ የሚያውቅ ሰው አይጾምም?»

ዶሮውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ብስኩት ይበቃኛል አልኩ፤ የሚሰማኝ የለም። ትንሽ ቆይታ ቆጮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመንና የተፈጨ አቮካዶ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ አልገባበትም፤ አዲስ ማንኪያ ነው» አለችኝ። ቆጮ አልወድም ነበር። አዲስ አበባ የምናገኘው ከቤቱ ርቆ የደረቀ ስለሆነ ነው። ይኼኛው ለስላሳ ነው፤ ሦስቴ ጨመረችልኝ፣ ሦስቴም በቃኝ አላልኩም።

ፌቨን ከትምህርት ቤት መጣች። ረዥም ልጅ ሆናለች። አባቷ በስምንት ኮምፒውተር ላይ ስትስቅ እንደኖረች ሲነግረኝ ፊቷን በደብተር ሸፈነች። «አባ፣ አንሳልኝ ብዬሃለሁ እኮ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለች።

«ዛሬ እኔ አነሳሁልሽ» አልኳት። ከልቧ አመሰገነችኝ።

ልጅቷ ስትወጣ ማርቆስ ሳልጠይቀው ጀመረ።

«በዚያ ግምገማ ላይ የተናገርኩት እንዳልተረሳዎት አውቃለሁ።»

«አልረሳሁትም።»

«ያልኩትን አላልኩም አልልዎትም። ስንደውል ይዘጉብን ነበር። ግን ቢሰሙኝ ብዬ እንጂ፣ በዚያ ኃላፊነቱን ይከለክሉዎታል ብዬ አልነበረም። ተናገር ብሎ ያስነሳኝ ማን እንደሆነ እርስዎም አይጠፋዎትም።»

አልማዝ ውሃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። «ቆጮው ጥሩ ነው» አልኩ።

ሐሙስ

ፍስሐ ገነት ስንደርስ መብራት የለም። የቢሮው ሰዎች ማታ ይመጣል አሉ፤ ማታ የሚሉት ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመብራት ኃይል ማታ ነው። ከቢሮው ማዶ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሰሙ፤ ጄኔሬተራቸውን በሁለት ሰው አሸክመው ላኩልን። ጫጫታው ሌላ ነው። ማርቆስ ሲናገር ከንፈሩን እያየሁ ነው የምሰማው። ፌቨን እዚያም ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ መለያዋን ደምስሼ፣ ማሻሻያውን ጭኜ ሸኘኋት። ነጋዴው ምስጋናዬን ሊሰሙ አልፈለጉም፤ «ቤንዚኑ ከሚያረጅ ይሥራ» አሉ። የእኔ ሰፈር ባለሱቅ ሻማ እንኳ ዱቤ አይሰጥም።

ወደ ወርቃ የሚወስደው መንገድ ቀይ ጭቃ ነው። መኪናው ጎማው እስኪጠፋ ተዘፈቀ። ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ከቡና ለቀማ የሚመለሱ ሴቶች የእንሰት ቅጠል ደፍተው መጡ። ያን ፎቶ መቶ ጊዜ ደግሜ ያየሁ መሰለኝ። አንዷ ቅጠሏን ለእኔ ሰጠችኝና ከሌሎቹ ጋር መኪናውን ገፋች። ማርቆስም ይገፋል፣ ሙላቱም ይገፋል፣ እኔ ሲዲዎቹን ታቅፌ ቅጠል ሥር ቆሜያለሁ። ሲወጣልን ቅጠሉን ልመልስላት ስል ሳቀችብኝ፤ ከአጥሩ ሌላ ቆርጣለች።

ወርቃ ላይ ያለው ሠራተኛ አቶ ጂግሶ ይባላሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴትን ያቀላቅላል፣ የሚሉት ግን ይገባል። የመጨረሻዋን ኮምፒውተር ስጨርስ አርማው ስክሪኑ ላይ ወጣ። አቶ ጂግሶ ጠጋ ብለው አዩ።

«ልጅቷ የት ሄደ?»

«አርማው ተተካ» አልኳቸው።

«የድርጅቱ አርማ እሱ ነበር እኮ። ቅጠል ያለው። ገበሬ ሲመጣ አሳየው ነበር።» ቅር አላቸው።

ወርቃ ላይ ስልክ የሚሠራው ቡና ከሚታጠብበት ግቢ፣ ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጫፍ ላይ ቆመው ከሆነ ብቻ ነው። እዚያ ሄጄ ደወልኩ። ማርቆስና አቶ ጂግሶ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል፤ አልጋው ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም ጆሮ አላቸው።

«ስምንቱም ታዩ» አለ ሳምሶን። «ጎበዝ። ችግሩ ምን ነበር?»

«ከአንድ ዲስክ ተገልብጠው ነው። መለያቸው አንድ ነበር።»

«በቃ፣ ይኼው! ያለ አሠራር ገልብጦ የድርጅቱን ኔትዎርክ አበላሸ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው፤ ደብዳቤው ነገ ይወጣል።»

ማርቆስ ጆሮው ስልኩ ላይ አይደለም፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። ያኔ ግምገማው ላይ እኔ እሱን ያየሁት እንደዚያ ነበር።

«እጽፈዋለሁ» አልኩት። «ገልብጥ ያልከው አንተ መሆንህንም እጽፋለሁ። ብርቱካን እየላጥክ ነበር። ‹ለእያንዳንዷ ስትደክም ልትውል ነው እንዴ› ብለኸዋል። አጠገብህ ነበርኩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ አልጋው ጫፍ ተጠጋሁ።

«ስንት ዓመት ያለፈ ነገር ነው። ማን ያምንሻል?»

«አስካለ አትረሳም ብለህ አይደል የላክኸኝ? ይህንን የማያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም።»

ስልኩን እኔ ዘጋሁት። ስዞር አቶ ጂግሶ ወደ ሰማይ እያዩ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ማርቆስ ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ። ዝናብ ነው አለ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል።

ዓርብ

አልማዝ በማለዳ ሆቴሉ ድረስ መጥታ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ አቮካዶ በፌስታል ሰጠችኝ። «ዓርብ ስለሆነ ቅቤ የለበትም» አለች፤ አልረሳችም። ማርቆስ ቦርሳዬን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።

«ከእንግዲህ ስደውል ያነሳሉ?» አለኝ መኪናው በር ላይ።

«ደውልና እናያለን» አልኩት።

መንገዱን ሁሉ ሙላቱ ዘፈነ። የይርጋለምን መገንጠያ ሳናልፍ አቁም አልኩትና አናናስ ለሰጠችኝ ሴት ግማሹን አቮካዶ ሰጠኋት። ሻሸመኔ ላይ ቆጮውን ፈታን። ሽሮ ሜዳ ስገባ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ጎረቤቶቼ መኪናውን ለማየት አንገታቸውን አወጡ።

ሪፖርቱን ሁለት ገጽ አድርጌ ጽፌ ለሳምሶን ብቻ ሳይሆን ለዳይሬክተሩም ሰጠሁ። ብርቱካኑንም አልተውኩም። የስንብት ደብዳቤው አልወጣም። ማርቆስ ዛሬም ዲላ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል፣ ስልኩንም አነሳለሁ። ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። የሚጠይቀው ሥራ ስላለው ነው።

ሳምሶን ያን ሰሞን ብዙ አላናገረኝም። አንድ ቀን በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ቆመ። በኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ፌቨን የእንሰት ቅጠሏን ይዛ ትስቃለች።

«አስካለ፣ ይኼ ምንድን ነው? ሁሉም ኮምፒውተር ላይ መሆን ያለበት አርማው ነው።»

«ማሻሻያው እኔ ጋ ገና አልደረሰም» አልኩት።